የጮቄ ሥር ውርጭና የጓሮ ወፎች ምግብ

በብርድ ወራት ለጓሮ ወፎችና ለሌሎች የዱር ፍጥረታት ምግብ ማቅረብ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብዙ ቤተሰቦች የዘወትር ልማድ ሲሆን፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ ምድሩ ለቀናትና ለሳምንታት በበረዶ ለሚሸፈንባቸው አገሮች የተዘጋጁ ናቸው። ይህ ትምህርታዊ ዝግጅት ግን የሚመለከተው የጎጃምን ደጋ፣ ይልቁንም ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትገኘውን የሲናን ወረዳ መቀመጫ ሮብ ገበያንና አካባቢዋን ነው። የዚህ አገር ብርድ ብርቱ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ወፎችን የሚጎዳበት ጊዜና መንገድ ከአውሮፓው በእጅጉ ስለሚለይ፣ ለነርሱ የሚደረገው ርዳታም ከውጭ መመሪያ በቀጥታ የሚቀዳ ሊሆን አይችልም።

የጮቄ ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,100 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ በከተማዋና በተራራው ጫፍ መካከል የሚኖረው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ያልፋል፤ ሮብ ገበያም በዚሁ መካከል ስለምትገኝ ከደብረ ማርቆስ ይልቅ ቀዝቃዛ ናት። ብርዱ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ዝናብ፣ ጉምና አልፎ አልፎም በረዶ ስለሚፈራረቁ ቀኑ ራሱ ይበርዳል፣ ላባም ይረጥባል፤ ሆኖም ሰማዩን የሸፈነው ደመና ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት እንደ ጋቢ ይዞ ስለሚያቆየው ሌሊቱ ከቀኑ ብዙም አይከፋም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የምድር ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘው ሣርና አፈር ላይም የአየሩ እርጥበት በቀጥታ ወደ በረዶ ቅንጣት ይለወጣል። ውርጭ የሚባለው ይህ ነጭ ሽፋን ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ቦታ ይወርዳል፤ በሸለቆ ግርጌ ያለ የጓሮ ጎመንና ድንች በውርጭ ሲመታ ከበላዩ ባለው ተረተር ላይ ያለው የሚተርፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ ውርጩ ይቀልጣል፣ ቀኑም ይሞቃል።

ከዚህ ሁሉ ዋናው ቁም ነገር የጎጃም ደጋ ውርጭ የአንድ ሌሊት ብርድ መሆኑ ነው፤ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል። በዚያ ላይ ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ብርሃኑ ለ11 ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል፤ በለንደን በዚሁ ወቅት የቀኑ ርዝመት 8 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በለንደን የምትገኝ ትንሽ ወፍ ከ16 ሰዓት በላይ ለሚዘልቀው ሌሊት የሚሆናትን ስንቅ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴም በረዶ በሸፈነው ምድር ላይ፣ ፈልጋ ማግኘት ሲኖርባት፣ የሮብ ገበያ ወፍ ግን ለ12 ሰዓት ተኩል ሌሊት የሚሆናትን በ11 ሰዓት ተኩል ትሰበስባለች፣ ምድሩም ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል። በመሆኑም ችግሯ ምግቡ በበረዶ መቀበሩ ሳይሆን፣ ምግቡ የሚገኝበት ቁጥቋጦና ማሳ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

የትንሽ ወፍ የሰውነት ሙቀት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። አካሏ ትንሽ በመሆኑ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የሚወጣበት ገላዋ ሰፊ ነው፤ ስለዚህም በሌሊት ሙቀቷን ጠብቃ ለመቆየት በቀን ያከማቸችውን ስብ ታነዳለች፣ በአንድ ብርቱ ሌሊትም ከክብደቷ እስከ አንድ አሥረኛ ልታጣ ትችላለች። ላባዋን ነፍታ ክብ መስላ የምትታየው በላባዎቿ መካከል አየር ይዛ ቅዝቃዜውን ለመከላከል ሲሆን፣ ይህን ያየ ሰው ወፏ ታማለች ብሎ መደምደም የለበትም፤ ፀሐይ ሞቆም በዚያው ሁኔታ ፈዛ ብትቀመጥ ግን በእርግጥ ታማለች ማለት ነው።

የደጋው ወፎች ለሌሊቱ ብርድ ያገኙት መፍትሔ እንደየወገናቸው ይለያያል። የአበባ ወለላ የሚቀስሙት፣ ቀጭንና ቆልማማ መንቆር ያላቸው ጥቃቅን ወፎች ክብደታቸው ከ20 ግራም የማይበልጥ ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው፣ ከሩቅ ጥቁር መስሎ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚያበራው የደጋ ወፍ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በእነዚህ ወፎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ ሌሊት የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ በማድረግ የስንቃቸውን ወጪ ይቆጥባሉ፤ ይህም በሥነ ሕይወት የሌሊት ድንዛዜ ሊባል የሚችል ሁኔታ ነው። በራሷ ላይ ቁንጮ ያላት፣ ጅራቷ ከአካሏ የሚረዝመው፣ በየአጥሩ በቡድን ሆና ፍሬና ለጋ ቅጠል የምትበላው ግራጫ ወፍ ደግሞ ከወገኖቿ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ታድራለች፣ ጠዋትም ደረቷን ለፀሐይ ሰጥታ ትሞቃለች። አትክልት የምታበላሽ ስለሆነች ባለጓሮዎች አይወዷትም፤ በጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ከቦታዋ ማባረር ግን ከምግብ መከልከል የማይተናነስ ጉዳት ያደርስባታል።

ስለ ረኃብ ጊዜ ሲነሳ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ውርጭ የሚወርድባቸውን ወራት ነው፤ ይህ ግምት ግን ለዘር በል ወፎች ትክክል አይደለም። ገብስና ስንዴ የሚታጨዱትና የሚወቁት ከኅዳር ጀምሮ በመሆኑ፣ በታኅሣሥና በጥር በየአውድማው የተበተነ እህል፣ በየማሳው ቃርሚያ፣ በየዳሩም የደረቀ የአረም ዘር ሞልቶ ይገኛል፤ ዋኔዎች፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙት አንገታቸው ነጭ ቀለበት ያለው የገደል ርግቦችና ድንቢጦች ከዓመቱ ሁሉ የጠገቡበት ጊዜ ይህ ነው። የዘር በሎች እውነተኛ ችግር የሚመጣው በሰኔ መጨረሻ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ምክንያቱም በመሬት ላይ የቀረው ዘር በዝናቡ በቅሎ ያልቃል፣ አዲሱ ሣርና አዝመራ ደግሞ ገና ዘር አላንዠረገገም። የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ከዚሁ ጋር መግጠሙም የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም የሚጠብቁት አንዱን አዝመራ ነው። በአንጻሩ ትልና ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎች በክረምት ይጠግባሉ፣ ብዙዎቹም ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ያኔ ነው፤ እነርሱ የሚከብዳቸው ምድሩ የሚደርቅበት ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው። እንግዲህ በደጋው አንድ የረኃብ ወቅት የለም፣ እንደ ወፏ አመጋገብ የሚፈራረቁ ሁለት የችግር ጊዜያት አሉ።

የአውሮፓው ልማድ ታሪክ ለንጽጽር ይጠቅማል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 መካከል በወረደው ብርቱ ብርድ ወቅት ጋዜጦች ሕዝቡ ለወፎች ምግብ እንዲያወጣ ጥሪ አቅርበው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ከችሮታ ወደ ትልቅ ንግድ ተለወጠ። በዚህ ንግድ ውስጥ የኢትዮጵያ ደጋ ራሱ ድርሻ እንዳለው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የኑግ መገኛ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ጎጃምም ኑግ በብዛት ከሚያመርቱ የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው፤ በጎጃም ወይና ደጋ ለዘይት የሚዘራው ይህ ጥቁር ቀጭን ፍሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ጥቃቅን ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎች ተሞልቶ በየአትክልት ቦታው ይሰቀላል፣ መንቆራቸው ሹል የሆነ ቢጫና ቀይ ቀለም ያላቸው ዘር በል ወፎችም ይመገቡታል። ተፈላጊ ያደረገው የቅባት ብዛቱ ነው፤ ቅባት ከስታርች ይልቅ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ስለሚሰጥ፣ ለረጅም ሌሊት ከእርሱ የተሻለ ስንቅ አይገኝም። ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ ከሽያጭ በፊት በሙቀት እንዲታከም ይደረጋል፤ ይህም ከኑጉ ጋር ተደባልቆ ሊመጣ የሚችል የአረም ዘር በዚያ አገር እንዳይበቅል ለመከላከል ነው።

ወፎችን መመገብ የወፎቹን ኑሮ ራሱ እንደሚለውጥም በብሪታንያ ታይቷል። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፋች የምትመስል አንዲት የአውሮፓ ዘማሪ ወፍ አለች፤ በመካከለኛው አውሮፓ የሚራቡት የዚህች ወፍ ወገኖች ብርዱን ለመሸሽ ቀድሞ ወደ ስፔንና ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ይወርዱ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ቁጥራቸው እየበዛ የሄደ ክፍል በብሪታንያ ጓሮዎች በሚሰቀለው ምግብ ተማምኖ እዚያው መክረም ጀምሯል። የምሥራቁ አውሮፓ ወገኖቿ ዛሬም ብርዱን ሸሽተው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ ዘር በል ወፎች ላይ ትራይኮሞኖሲስ የተባለ፣ የወፉን ጉሮሮ አቁስሎ መዋጥ የሚከለክል በሽታ ተከሠተ፣ በምግብና በመጠጥ ማቅረቢያዎች ዙሪያ በሚፈጠረው መጨናነቅም ተዛመተ። በዚህ በሽታ የተነሳ አረንጓዴዋ ዘር በል ወፍ ከግማሽ በላይ ቁጥሯን አጥታ እ.ኤ.አ. በ2021 በአገሪቱ እጅግ አሳሳቢ ከሚባሉት ወፎች መዝገብ ገብታለች። ወፎችን የሚመግብ ሰው ሁሉ በጎ አድራጊ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ በኋላ ያለ ጥያቄ የሚያልፍ አይደለም።

በጎጃም ደጋ ለወፎች ከሁሉ የበለጠው መኖ በእጅ የሚበተነው ሳይሆን በአጥሩ ላይ የሚበቅለው ነው። በአገሩ ቁጥቋጦ የተሠራ ሕያው አጥር፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንጆሪና አምጃ ያለበት እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ፍሬ፣ አበባ፣ ነፍሳት፣ የማደሪያ ቦታና የንፋስ መከላከያ ይሰጣል፤ እሾሁም ድመትና ጭላት በቀላሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል። ኮርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ሲያወጣ ወለላ ቀሳሚዎቹ ወፎች ይሰበሰቡበታል፣ ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከል ብቻ ለአጥር ስለሚሆንም ለባለቤቱ ወጪ የለውም። ከዚያ በላይ፣ በጮቄ ውርጭ ቀጠና፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ጅብራ ለነዚሁ ወፎች ምግብ ይሆናል፤ ጅብራ ለዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና ዘሩን በትኖ የሚሞት ተክል ስለሆነ፣ ሳያብብ የተቆረጠ እንደሆነ የሚጠፋው የአንድ ዓመት አበባ ሳይሆን የዕድሜ ልኩ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ወገን እየጠበበ መጥቷል። በጎጃም ደጋ የአገር በቀሉ ደን ተመንጥሮ ያለቀው ከብዙ ጊዜ በፊት ሲሆን፣ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ቀርተው የሚገኙት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስለ ወፎች ተብለው ባይጠበቁም በተግባር ግን የአካባቢው ወፎች የሌሊት ማደሪያና የፍሬ ምንጭ ሆነዋል። የቀረውን መሬት የያዘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለወፍ ምንም አይጠቅምም ማለት ማጋነን ይሆናል፤ አበባው ለንብም ለወለላ ቀሳሚ ወፍም ይሆናል፣ ረጅሙም ለአሞራ ማረፊያ ይሆናል። ሆኖም ሥጋ ያለው ፍሬ የለውም፣ ከሥሩ የሚበቅለው ቁጥቋጦም ጥቂት ስለሆነ አጥሩን በሙሉ በባሕር ዛፍ የተካ ባለጓሮ ፍሬ በሎቹን ማጣቱ አይቀርም። የሲናን ቀርቀሃ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠሉ ንፋስና ውርጭ ስለሚከላከል ብዙ ትንንሽ ወፎች ያድሩበታል።

በእጅ የሚሰጥ ምግብ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ በተለይም ከተከታታይ የዝናብ ቀናት በኋላ፣ ማለዳ ላይ በትንሹ ቢሰጥ ይረዳል። የገብስና የስንዴ ክክ፣ የበቆሎ ስባሪና ኑግ ይስማማሉ፤ ከወፍጮ ቤትና ከወንፊት የሚወድቀው ግርድ ለዚህ ይበቃልና ለሰው የሚሆን እህል ማባከን አያስፈልግም። የሚሰጠው መጠን እስከ ረፋድ የሚያልቅ ብቻ መሆን አለበት፣ በርጥበት ያደረ እህል ሻጋታ ያወጣልና፤ ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሰውንና ዶሮን እንደሚጎዳ ሁሉ ወፍንም ይጎዳል። ወጥ የነካ እንጀራና ጨው ያለበት ትርፍራፊ የትንሽ ወፍ ኩላሊት ከሚችለው በላይ ጨው ስለሚይዝ መሰጠት የለበትም። ከሁሉ የከፋው ግን በመድኃኒት ታሽቶ ቀለም የተቀባው ምርጥ ዘር ነው፤ ከመዝራት የተረፈው በጓሮ መጣል ወፎቹን መግደል ማለት ስለሆነ ተቆፍሮ ሊቀበር ይገባል።

ወፎችን መመገብ የሚለው ሐሳብ ማሳውን ሲጠብቅ ለሚውል ገበሬ እንግዳ ቢመስል ቅሬታው ተገቢ ነው። ገብሱ እሸት ሲሆን ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሲከላከሉ የሚውሉበት አገር ነውና፣ በመስከረምና በጥቅምት በማሳ አጠገብ እህል መበተን ወፍ መጥራት ይሆናል፤ ስለዚህ አዝመራው ማሸት ከጀመረ እስኪታጨድ ድረስ በእጅ የሚሰጠው ምግብ ሊቋረጥ ይገባል። ይሁን እንጂ በመንጋ ወርዶ ማሽላ የሚያወድመው ግሪሳ ወፍ በዋናነት የቆላ ወፍ ነው፤ በደጋው አጥር ውስጥ የሚኖሩት ትንንሽ ዘር በሎች የአረም ዘርም በብዛት ስለሚለቅሙ ከግሪሳ ጋር በአንድ ዓይን መታየታቸው ፍትሐዊ አይደለም።

ቦታ ሲመረጥ ምግቡ ድመት ከምታደፍጥበት ቁጥቋጦ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ወፏ ግን ጭላት ሲመጣ ወደ አጥር ለመግባት በምትችልበት ርቀት ይቀመጣል። ከዶሮዎች መመገቢያ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ርግቦችንና ሌሎች ወፎችንም ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ ገበታ ላይ የሚውሉ ወፍና ዶሮ በሽታውን ይለዋወጣሉ። ማቅረቢያው በየጥቂት ቀናቱ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል፣ በአካባቢው ጉሮሮው ያበጠ ወይም ፈዞ የሚቀመጥ ወፍ ከታየም ምግቡ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ይቋረጣል።

በበጋ ግን ከእህል ይልቅ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ደረቅ ዘር የሚበላ ወፍ በየቀኑ መጠጣት አለበት፤ በጥርና በየካቲት ምንጮች ሲያንሱ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ፣ መካከሉ ላይ ድንጋይ የተቀመጠበት የሸክላ ሳሕን ብዙ ወፎችን ያገለግላል። ውርጭ በወረደበት ጠዋት የላዩ በረዶ መሰበር አለበት፤ ጨው ጨምሮ እንዳይረጋ ማድረግ ግን አይገባም። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል እንደሚነገረውና በሥዕላቸውም እንደሚታየው፣ ጻድቁ ለተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ አጠጥተዋል፤ በወሩ አምስተኛ ቀን መታሰቢያቸውን በሚያከብር አገር ለወፍ ውኃ ማስቀመጥ እንግዳ ሥራ ተደርጎ የሚታይበት ምክንያት የለም።

ከወፎች ወደ ሌሎች የዱር እንስሳት ሲታለፍ ነገሩ ይጠነክራል። በሐረር ጅብ የመመገብ የቆየ ልማድ መኖሩ ቢታወቅም፣ ያ በአንዲት ከተማ ከጅቦቹ ጋር ለረጅም ጊዜ የተገነባ ግንኙነት በመሆኑ ለሌላ ቦታ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ጦጣና ዝንጀሮ በሰው እጅ መብላት ከለመዱ ጓሮና ጎተራ መዝረፍ ይጀምራሉ፣ ከዚያም በድንጋይ ይባረራሉ፤ በርኅራኄ የተጀመረው በጠብ ያበቃል። እነርሱን አለመመገብ ነው ትክክሉ።

ንብ ግን በደጋው በብርድና በዝናብ ወራት በእጅ የምትመገብ፣ ገበሬውም በዚህ ረገድ ልምድ ያካበተባት ነፍሳት ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከቀፎ እንዳትወጣ ሲያግዳትና አበባ ሲጠፋ፣ ንብ አርቢዎች በሶ ወይም ሽሮ፣ እንዲሁም በእኩል ውኃ የተበጠበጠ ስኳር ይሰጧታል፤ በሶውና ሽሮው የአበባ ዱቄትን፣ ስኳሩ ደግሞ ማሩን የሚተካ ነው። ብጥብጡ የሚሰጠው ማታ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ በቀፎው ውስጥ መሆን አለበት፤ በቀን በውጭ የተቀመጠ ስኳር ከሌላ ቀፎ ንብ ይጠራና ዝርፊያና መገዳደል ያስነሳል፣ ደካማው ቀፎም ያልቃል። ጉንዳን እንዳይወጣ የቀፎው መቀመጫ እግር ሥር አመድ ይነሰነሳል። በኅዳር የመስከረሙን አበባ ማር የሚቆርጠው አርቢ በቀፎው ጥግ ያሉትን የማር እንጀራዎች ሳይነካ ቢተው ግን፣ በሐምሌ የሚያወጣው ስኳር በእጅጉ ይቀንሳል፤ የቀፎው መግቢያም ውርጭ በሚበረታበት ወቅት ሁለትና ሦስት ንብ ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ በጭቃ ቢጠብ፣ ንቦቹ ለሙቀት የሚያወጡት ማር ያንሳል።